የመኪና ጎማ በሞተር ሳይክል የኋላ እግር ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ሞተር የሚነዱ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸውን ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

የመኪና ጎማ ሞተሬ ላይ ይገባል ወይ?

ሞተርህ ቦክሰር፣ አፓቼ፣ ዲቲ ወይም የእነዚህ ዓይነት ከሆነ አይገባም። ጉዳዩ የድፍረት አይደለም፣ የልክ ነው። ቦክሰር ከኋላ የሚያደርገው 3.00-17 የሚባለውን ጎማ ነው። 3.00 ማለት የጎማው ወርድ በኢንች ነው፤ ወደ ሳንቲ ሜትር ስትቀይረው 7 ከግማሽ አካባቢ ይመጣል። 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር ነው። አሁን 17 ኢንች የመኪና ጎማ ልግዛ ብለህ ሱቅ ብትገባ የሚሰጡህ እንደ 225/45 አር17 ያለውን ነው። ወርዱ 22 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ! ለመቀመጥ ቢያንስ 7 ኢንች ወርድ ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። የቦክሰር ቸርኬ ወርዱ ሁለት ኢንች ገደማ ነው።

ጠበብ ያለ የመኪና ጎማ ባገኝስ ትለኝ ይሆናል። እንደ ቪትዝ ያሉ ትንንሽ መኪኖች ጎማቸው ጠበብ ይላል፣ እውነት ነው፤ ግን እሱ 13 ወይም 14 ኢንች ነው፣ 17 ቸርኬ ላይ አይወጣም። ቸርኬው ቢስማማ እንኳ ሰንሰለቱ፣ ፓራፋንጎውና ጎማውን የያዘው ሹካ አያሳልፉትም።

ታዲያ ቪዲዮ ላይ የመኪና ጎማ አድርገው የሚነዱት ፈረንጆች እንዴት ቻሉ?

ቪዲዮው ውሸት አይደለም፣ ያደርጉታል። ግን ጎማውን ብቻ አትይ፣ ሞተሩንም እይ። ብዙ ጊዜ የምታየው ሆንዳ ጎልድዊንግ ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 1800 ሲሲ፣ ክብደቱ 400 ኪሎ አካባቢ። ከ2001 እስከ 2017 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የተሠራው ሞዴል የኋላ ጎማው 180/60 አር16 ነው። 16 ኢንች የመኪና ጎማ ደግሞ በየቦታው ሞልቷል። ስለዚህ 195/55 አር16 ገዝተው ያስገባሉ። የካዋሳኪ ቫልካንና የትራያምፍ ሮኬት ባለቤቶችም እንዲሁ የሚያደርጉ አሉ።

ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ላይ ቀኑን ሙሉ ስለሚነዱ የሞተር ጎማቸው መሃሉ ቶሎ ይበላል። የመኪናው ጎማ ርካሽ ነው፣ እነሱ እንደሚሉት ደግሞ እጥፍና ከዚያ በላይ ይቆያል። እዚያም ቢሆን ነገሩ አልገጠመም። የጎልድዊንጉ የኋላ ቸርኬ ወርዱ 5 ኢንች ነው፤ 195/55 አር16 የተሠራው ግን ከ5.5 ኢንች ጀምሮ ላለ ቸርኬ ነው። ደንሎፕን የመሰሉ የጎማ ፋብሪካዎችም የመኪና ጎማ ሞተር ላይ አታድርጉ ብለው በግልጽ ያስጠነቅቃሉ። ሰዎቹ ይህን አውቀው፣ ኃላፊነቱን ራሳቸው ወስደው ነው የሚነዱት።

ጎማ ያው ጎማ አይደል? ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱን በገዛ ዓይንህ ልታየው ትችላለህና። ጎሚስታ ቤት ስትሄድ አንድ የሞተርና አንድ የመኪና ጎማ ጎን ለጎን አቁምና ከኋላቸው ቁጢጥ ብለህ እያቸው። የመኪናው ፊት ጠፍጣፋ ነው። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይሄድና ጠርዙ ላይ ሲደርስ በድንገት ይታጠፋል። የሞተሩ ግን ከመሃሉ ጀምሮ ክብ እየሆነ ወደ ጎን ይወርዳል፤ ጥርሱም እስከ ጎኑ ድረስ አብሮት ይወርዳል። አሁን ሁለቱንም በእጅህ ወደ ጎን አዘንብላቸው። የሞተሩ ጎማ ቢያዘነብልም መሬት የሚነካው ልክ ብዙም አይቀየርም። የመኪናው ግን ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ የቀረው ፊቱ ከመሬት ይነሳል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።

ይህ ልዩነት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። መኪና ሲታጠፍ ጎማው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። ሞተር ግን የሚታጠፈው አዘንብሎ ነው፤ መሪውን ማዞር ብቻውን አያጥፈውም። ያ ክብነት ነው ሞተሩን የሚያጥፈው። እሱን ስታነሳ ከሞተሩ ላይ ግማሽ መሪውን እንዳነሳህ ቁጠረው።

ሌላው ላስቲኩ ነው። የመኪና ጎማ ብዙ ክብደት ተሸክሞ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ጠንከር ያለ ላስቲክ ይደረግለታል። በሚገባ መሬት የሚይዘው ደግሞ በመኪናው ክብደት ተጨምቆ ሲሞቅ ነው። ሞተር ቀላል ስለሆነ በዚያ ልክ አያሞቀውም። ጠዋት ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ብርዱ ሳይለቅ ስትነሳ ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስልህ።

ሰፊ ጎማ የበለጠ መሬት አይቆነጥጥም?

ቀጥ ባለ ደረቅ አስፋልት ላይ ከሆነ አዎ፣ ትላልቅ ሞተር ላይ የሞከሩት ሰዎች የኋላው ፍሬን ጥሩ ይይዛል ይላሉ፣ እኔም አልክድም። ግን አንድ ነገር አስብ። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ሞተሩን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ጎማ ነው። ስለዚህ የኋላው ቢሰፋ የምታገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ስትታጠፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያ ሁሉ ስፋት ከመሬት ተነስቶ በአንድ ጠርዝ ትቀራለህ።

አባይ በረሃ ላይ እንዴት ይሆናል?

ለእኛ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ጎጃም ውስጥ ቀጥ ያለ መንገድ ሞልቷል፤ ግን ከደጀን ወደ ወንዙ ስትወርድ ያለውን መታጠፊያ የነዳ ሰው ያውቀዋል። አንድ ስሌት ላሳይህ። ራዲየሱ 30 ሜትር የሆነ መታጠፊያ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብትገባ ሞተሩ 23 ዲግሪ አካባቢ ማዘንበል አለበት። በ20 ብትገባ 6 ዲግሪ ይበቃዋል። 23 ዲግሪ ለሞተር ጎማ ምንም አይደለም። ለመኪና ጎማ ግን ጠርዙ ላይ ወጥቶ መቆም ማለት ነው።

ጠርዙ ላይ ሲቆም መሬት የሚነካው ቦታ ከመሃል ወደ ጎን ይሸሻል። ያኔ ጎማው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ለማቆም ይታገልሃል። አንተ አዘንብለህ ለማቆየት መሪውን ያለማቋረጥ መግፋት አለብህ፣ እጅህ ይዝላል። በዚህ መሃል መንገዱ ላይ እብጠት፣ ጠጠር ወይም ከከባድ መኪና የፈሰሰ ዘይት ቢያጋጥምህስ? ጎማው ጠርዙን ለቆ ይዘላል፣ ሞተሩ ቀና ይላል፣ መታጠፉ ቀርቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። ወደ ቀኝ እየታጠፍክ ከሆነ ቀጥ ብለህ የምትሄደው ከፊት ወደሚመጣው ሲኖትራክ ነው። ወደ ግራ ከሆነ ወደ ገደሉ ነው። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው፤ ያንን መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በሰላም እንዲገቡ ስለምፈልግ ነው።

ቀስ ብዬ ብነዳስ?

ቀስ ብሎ መንዳት ሁልጊዜም ጥሩ ነው። ግን ሞተር ላይ የሚያስፈልግህ ማዘንበል ሁልጊዜ ባሰብከው ሰዓት አይመጣም። በሬ ይሻገራል፣ ሕፃን ይሮጣል፣ ባጃጅ ከፊትህ ድንገት ይቆማል። ያን ጊዜ በአንዴ አዘንብለህ ማምለጥ አለብህ። ጎማው እምቢ የሚልህም ያኔ ነው።

ጎሚስታው «አምጣው፣ እኔ አስገባዋለሁ» ብሎኛል። ይቻላል?

በጉልበትና በነፋስ ብዙ ነገር ይገባል። ጥያቄው በትክክል ተቀምጧል ወይ ነው። የጎማው ከንፈር፣ ማለትም ውስጡ ሽቦ ያለበትና ቸርኬው ላይ የሚያርፈው ክፍል፣ የሞተርና የመኪና ሲሆን ቅርጹ ይለያያል። ቸርኬውም ላይ የሚያርፍበት ቦታ እንዲሁ። ትልቅ ሞተር ላይ የመኪና ጎማ የሚያስገቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ከንፈሩ ቦታውን ይዞ «ጧ» እስኪል ድረስ ነፋስ ይጨምራሉ።

ብዙ የመኪና ጎማዎች ጎን ላይ ከንፈሩን ለማስቀመጥ ከ40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) በላይ አትንፉ የሚል ጽሑፍ አለ። ከዚያ በላይ ሲነፋ ሽቦው ሊበጠስ፣ ቸርኬውም ሊሰነጠቅ ይችላል። የታመቀ አየር ያለበት ጎማ ሲፈነዳ እጅ ይቆርጣል፣ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የትኛውንም ጎማ ሲነፉልህ አጠገቡ ቆመህ አትይ፣ ልጆችንም አርቅ። ጎሚስታው ጎማው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚነፋ ከሆነ እሱንም «ወንድሜ፣ ራቅ በል» በለው። ከንፈሩ አልቀመጥ ካለ መፍትሔው ነፋሱን አስወጥቶ፣ የሳሙና ውሃ ቀብቶ እንደገና መሞከር ነው። ነፋስ መጨመር አይደለም።

ክረምት ላይ ለጭቃ አይሻልም?

አይሻልም። አስፋልት ላይ ውሃ ሲተኛ ክቡ የሞተር ጎማ ውሃውን ሰንጥቆ ያልፋል። ጠፍጣፋና ሰፊው ውሃው ላይ ለመንሳፈፍ ይቀርባል፣ ያውም በሞተር ቀላል ክብደት። ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ የመኪና የአስፋልት ጎማ ጥርሱ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስፋቱ ከሹካውና ከፓራፋንጎው ጋር ክፍተት ስለማይተው ጭቃው እዚያ ይታጨቅና እግሩ መሽከርከር ያቆማል።

ፒስታ ላይም ሌላ ጣጣ አለው። የከባድ መኪና ጎማ የቀደደው ቦይ ውስጥ ስትገባ ጠፍጣፋው ጎማ ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል። አንተ ልትወጣ ስትል እሱ ይመልስሃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ ጮቄ አካባቢ ወይም ከዋናው መንገድ ወጣ ወዳሉ ቀበሌዎች የምትመላለስ ከሆነ፣ በሞተርህ ልክ የተሠራ ጥርሱ ትላልቅና ተራርቆ የተቀመጠ ጎማ ግዛ። አስፋልት ላይ ድምፅ ያሰማል፣ ቶሎም ያልቃል። ግን ጭቃ ውስጥ ያወጣሃል።

እኔ ጭነት ስለምጭን ነው። የመኪና ጎማ የበለጠ አይሸከምም?

ጎማው ብቻውን ከታየ ይሸከማል። ጎማ ጎን ላይ የመሸከም አቅም የሚነግር ቁጥር አለ። ብዙ 3.00-17 ጎማዎች ላይ 50ፒ የሚል ታያለህ፤ 50 ማለት 190 ኪሎ ነው፣ ፒ ደግሞ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት። የጎልድዊንጉ ጎማ 74 ነው፣ 375 ኪሎ። 195/55 አር16 የመኪና ጎማ 87 ሲሆን 545 ኪሎ ይሸከማል።

ግን የጫንከውን ጆንያ የሚሸከመው ጎማው ብቻ አይደለም። ቸርኬው አለ፣ ሞላው አለ፣ ሹካው አለ፣ ፍሬኑ አለ። ጎማው ስለጠነከረ እነሱ አይጠነክሩም። ደግሞ እስኪ አብረን እንደምር። የቦክሰር ዓይነት ሞተር 120 ኪሎ ገደማ ነው እንበል፣ ግማሹ ከኋላ ያርፋል፣ 60። ሁለት ሰው 130 ኪሎ ቢመዝን አብዛኛው ከኋላ ነው፣ 100 አካባቢ። 160 ሆነ። ከ190 ላይ የቀረህ 30 ኪሎ ብቻ ነው። አሁን አንድ ጆንያ ድንች ወይም ከሰል ከኋላ ስታስርበት የት እንደደረስክ አንተው ቁጠረው። ያውም ጆንያው ከጎማው እምብርት ወደ ኋላ ወጥቶ ሲታሰር የፊቱን ያቀልለዋል፣ መሪው ይከብድ የነበረው ይንሳፈፋል። ጭነት መጫን ግድ ከሆነ ሰው አትጨምርበት፤ ጭነቱንም ዝቅ አድርገህ፣ ወደ ራስህ አስጠግተህ እሰረው።

ባጃጅና ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር እኮ እንደ መኪና ዓይነት ጎማ ነው ያላቸው። ለምን ለእነሱ ይሆናል?

ስለማያዘነብሉ። ባጃጅ ሲታጠፍ እንደ መኪና ቀጥ ብሎ ነው። የባጃጅ ጎማ 4.00-8 ነው፣ የጭነቱ ሦስት እግር ብዙ ጊዜ 12 ኢንች ያደርጋል። ለእነሱ ጠፍጣፋ ፊት ትክክለኛው ነው። እንዲያውም ጎኑ ላይ ተጨማሪ መቀመጫና ሦስተኛ እግር የተገጠመለት ሞተር ላይ የመኪና ጎማ ማድረግ በውጭ የተለመደ ነው፣ ያም ስለማያዘነብል ነው። ባለ ሁለት እግር ሞተርህን ከእነሱ ጋር አታወዳድረው።

አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጬ ከውስጥ ባስገባስ? የመኪና ካላማዳሪስ?

ጎማው ሲቀደድ ከውስጥ የሌላ ጎማ ቁራጭ አስገብቶ መንዳት የተለመደ ነው። እስከ ቅርብ ጎሚስታ ለመድረስ፣ በቀስታ፣ ሰው ሳትጭን ከሆነ ይሁን። ቋሚ ስታደርገው ግን የቁራጩ ጠርዝ ካላማዳሪውን ቀስ በቀስ እየሞረደ ይበላዋል። ሙቀትም ይፈጥራል። አንድ ቀን በማታስበው ቦታ ይፈነዳል፤ የኋላ ጎማ በፍጥነት ላይ ሲፈነዳ ሞተሩ ጅራቱን እየወዘወዘ ይጥልሃል።

የመኪና ካላማዳሪ ደግሞ አይሆንም። ሰፊ ስለሆነ ጠባብ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፣ የታጠፈበት ቦታ ይፋተግና ይሰነጠቃል። ካላማዳሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከጎማው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን እይ። አዲስ ጎማ ስትገዛ አዲስ ካላማዳሪ አብረህ ግዛ። አሮጌው ተለጥጦ ስለሚቆይ አዲሱ ጎማ ውስጥ ይሸበሸባል።

የኋላ ጎማዬ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ዋናው ችግሬ እሱ ነው። ምን ላድርግ?

የመኪና ጎማ የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ በትክክል የሚጠይቁት ይህንን ነው። ጎማ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ይጠፋል፤ ስለዚህ የያዝከውን ማቆየት ነው የሚያዋጣህ። መጀመሪያ ነፋስ። ብዙ ሰው ጎማውን በጣቱ ተጭኖ ወይም በእግሩ ረግጦ «ደህና ነው» ይላል። በዚያ አይታወቅም። የነፋስ መለኪያ ይኑርህ፣ ትንሽ ነው ኪስ ይገባል። ለትንንሽ ሞተሮች ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፊት 25፣ ኋላ ብቻህን ስትሆን 28፣ ሰው ስትጭን 32 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፤ የራስህን ሞተር ቁጥር ከመመሪያው ወይም ሰንሰለት መሸፈኛው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አረጋግጥ። ጠዋት ሳትነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለካ። ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ግፊቱ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በጠዋት ብርድ ተነስተህ አባይ በረሃ ታች ስትደርስ ከፍ ብሎ ብታገኘው አትደንግጥ፣ ነፋሱን አታስወጣ። ብታስወጣ ወደ ደጋው ስትመለስ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

ነፋስ የጎደለው ጎማ ጎኑ ሲተጣጠፍ ይሞቃል፣ ዳር ዳሩ ይበላል። ከልክ በላይ የተነፋ ደግሞ መሃሉ ብቻ ይላጫል። ጎማህን እያየህ የትኛው እንደሆንክ ታውቃለህ።

ሁለተኛው ሰንሰለቱ ነው፣ ይህንን ብዙ ሰው አያየውም። ሰንሰለት በተወጠረ ቁጥር የኋላው እግር ወደ ኋላ ይሳባል። በግራና በቀኝ፣ አክሱ ጫፍ ላይ፣ ሹካው ላይ የተቀረጹ ትናንሽ መስመሮች አሉ። ጭቃውን ጥረግና ቁጠራቸው። በቀኝ ሦስተኛው ላይ ከሆነ በግራም ሦስተኛው ላይ መሆን አለበት። ግማሽ መስመር እንኳ ቢለያይ እግሩ ተጣሞ ይሄዳል፤ ጎማው እየተጎተተ በአንድ በኩል ያልቃል፣ የሰንሰለቱ ጥርስም አብሮ ይበላል። ውጥረቱን ደግሞ መሃል ላይ ሰንሰለቱን በጣትህ ከፍ ዝቅ አድርገህ እየው፤ እንደ ሞተሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር መላወስ አለበት። ድርቅ ብሎ ከተወጠረም ጥሩ አይደለም።

ሦስተኛው አነዳድህ ነው። ፒስታ ላይ ጋዝ ሰጥተህ ጎማው እየተፈተለ ስትነሳ ጥርሱን በድንጋይ እየሞረድከው ነው። የኋላ ፍሬን ብቻ የሚይዝ ሰውም ብዙ ነው፤ እግሩ ሲቆለፍና ሲንሸራተት ጎማው አንድ ቦታ ላይ ይላጫል። የፊቱን ቀስ እያልክ አብረህ መያዝ ልመድ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሰህ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ።

ጎማ ስገዛ ምን ልይ?

መጀመሪያ ልኩን። አሮጌው ላይ ያለውን ሳይሆን ሞተሩ የሚጠይቀውን፤ ከአንተ በፊት የነበረው ባለቤት የተሳሳተ አድርጎ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የመሸከሚያ ቁጥሩን እይ፣ ሞተሩ ከሚጠይቀው አታሳንስ። ጎኑ ላይ ያለው ቀስት እግሩ ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ መሆን አለበት። ጎሚስታው ከማስገባቱ በፊት ይህን አስታውሰው።

ዕድሜውን ማየት አትርሳ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፣ በእኛ ግንቦት 2011 መጨረሻ ገደማ ይውላል። ሱቅ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ይደርቃል። ጎኑን በእጅህ ተጭነህ አጥፈው። ቀጫጭን ስንጥቅ ካየህ ተወው። ብዙ ፋብሪካዎች ከ5 ዓመት በኋላ በየጊዜው አስመርምሩ፣ ከ10 ዓመት በላይ ግን ጨርሶ አትጠቀሙ ይላሉ። ያገለገለ ጎማ ከሆነ ደግሞ ውጪውን አይተህ አትክፈል፤ ውስጡን ገልብጠህ እጅህን አስገብተህ ዳስሰው፣ ልጣፍና እብጠት በእጅ ይታወቃል።

የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዞር ይቻላል?

አይመከርም። የኋላው የሚገፋ፣ የፊቱ የሚመራና የሚያቆም ሆኖ ነው የተሠራው፤ ብዙ ጊዜም ወርዳቸው ይለያያል። ቦክሰር ላይ የፊቱ 2.75-17፣ የኋላው 3.00-17 ነው። የፊቱ ወደ ኋላ ከሄደ የሚሸከመው ያንሳል። አንዳንድ ጎማዎች ለሁለቱም ቦታ ይሠራሉ፣ ግን የቀስቱ አቅጣጫ ለፊት አንድ፣ ለኋላ ሌላ ይሆናል። ሁለት ቀስት ያለው ጎማ ካገኘህ ምክንያቱ ይህ ነው፤ የፊት የሚለውንና የኋላ የሚለውን ለይተህ አስገባ።

ትልቅ ሞተር ገዛሁ፤ ከኋላ የመኪና ጎማ ገብቶበት ነው ያገኘሁት። አሁን ምን ላድርግ?

እንዲህ ዓይነቱ ብዙ አያጋጥምም፣ ግን ጠይቀውኛል። የእኔ ምክር ቀይረው ነው፣ በተለይ በእኛ መንገድ ለምትነዳው። ትክክለኛው ጎማ እስኪገኝ ሞተሩን ማቆም ከቻልክ አቁመው። ካልቻልክ ግን መጀመሪያ ጎማው ከሹካው፣ ከሰንሰለቱ ወይም ከዘንጉ፣ ከፓራፋንጎውም ጋር የሚነካካበት ቦታ እንዳለ እይ። ባዶውን ብቻ አትይ፤ ሁለት ከባድ ሰው ቁጭ ብሎበት ሞላው ሲረግጥ እይ። ጎኑ ላይ የተፋቀ፣ የሚያብለጨልጭ መስመር ካለ እየነካ ነው፣ አትንዳው።

ነፋሱን በመኪናው ልክ አትገምት፤ ሞተሩ ከመኪና በጣም ስለሚቀል የተለየ ግፊት ይፈልጋል፣ ቁጥሩ ደግሞ ማንም ፋብሪካ ያጸደቀው አይደለም። የፍጥነት ቆጣሪህንም ሙሉ በሙሉ አትመን። የጎማው ዲያሜትር ሲቀየር አንዳንድ ሞተር ላይ ቆጣሪው ይሳሳታል፣ የፍሬን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩም የሁለቱን እግር ፍጥነት ሲያወዳድር ሊወናበድ ይችላል። መታጠፊያ ላይ ከመግባትህ በፊት ፍጥነት ጨርሰህ ቀንስ። ሰው አትጭን። ለሌላ ሰውም አታውስ፤ የሞተር ጎማ ለምዶ የመጣ ሰው መሪው ሲታገለው ምን እንደሆነ ሳይገባው መታጠፊያው ያልቅበታል። ጎማውን ስታስቀይር ጎሚስታው ባዶውን ቸርኬ እንዲያጸዳው ጠይቅና ዙሪያውን ራስህ እየው፤ ከንፈሩ በግድ የገባበት ቦታ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ አዲሱ ጎማ ከመግባቱ በፊት ቸርኬው መቀየር አለበት።